የተሰበረ ታብሌት ቀሪ ዕድሜ

ታብሌት ወድቆ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ወይም አልበራ ሲል አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ሁለት ዋጋ ነው፤ የጥገናውንና የአዲሱን። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ጥገናው የአዲሱን ግማሽ ከተጠጋ «ምን አደከመኝ፣ ጨመር አድርጌ አዲስ ልግዛ» ይላል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ያሠራል። ይህ የግማሽ ስሌት በቃል ለመያዝ ቀላል ነው፤ ለብዙ ዓይነት ዕቃም ሲያገለግል ኖሯል። ለታብሌት ግን ያሳስታል፤ ዋናውን ነገር፣ ማለትም በሚከፈለው ገንዘብ የሚገኘውን የአገልግሎት ጊዜ፣ ጨርሶ አይቆጥረውም። የተጠገነው ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ያገለግላል? አዲሱስ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ሁለት ዋጋ ማወዳደር ክብደቱ ያልታወቀ ሁለት ማዳበሪያ ጤፍ ተመልክቶ የቱ እንደረከሰ ለመፍረድ እንደመሞከር ነው። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፤ ታብሌት ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው ውሳኔ መሰጠት ያለበት እያንዳንዱ አማራጭ ለአንድ የአገልግሎት ዓመት ስንት እንደሚያስከፍል ተሰልቶ ነው። ስሌቱ በዚህ መንገድ ሲሠራ ዛሬ ባለንበት የአገራችን ሁኔታ አብዛኛው የተሰበረ ታብሌት ሊጠገን የሚገባው ሆኖ ይገኛል፤ የማይገባውም ከነምክንያቱ ተለይቶ ይወጣል።

በምሳሌ ቁጥር እንየው። አዲስ ታብሌት 30,000 ብር ያወጣል፣ ስድስት ዓመትም ያገለግላል እንበል። በዓመት 5,000 ብር መሆኑ ነው። የተሰበረው በ9,000 ብር ይጠገናል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የሚያስኬድ ዕድሜ አለው። የዓመቱ ዋጋ 3,000 ብር ሆነ፤ ጥገናው ያዋጣል። አሁን የጥገናውን ዋጋ ሳንነካ ቀሪ ዕድሜውን ወደ አንድ ዓመት እናውርደው። አንዱ ዓመት 9,000 ብር ፈጀ፤ ከአዲሱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። የግማሽ ስሌት ግን ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ 30 በመቶ ብቻ ነውና ሁለቱንም «ይጠገን» ይላል። በተቃራኒው ጥገናው 18,000 ብር፣ ማለትም የአዲሱን 60 በመቶ፣ የሚጠይቅ ቢሆንና ታብሌቱ አራት ዓመት የሚቀረው ጥሩ ሞዴል ቢሆን የዓመቱ ዋጋ 4,500 ብር ነው። የግማሽ ስሌት እንዲጣል የፈረደበት ዕቃ ከአዲሱ ረክሶ ተገኘ ማለት ነው። ስሌቱን ጠንቅቆ መሥራት የሚፈልግ ሰው የተሰበረው ታብሌት እንዳለ ለመለዋወጫነት ቢሸጥ የሚያወጣውን ገንዘብ ይጨምርበታል። 3,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ መጠገን ማለት ይህን ገንዘብ መተው ስለሆነ ወደ ጥገናው ወጪ ይደመራል፤ በመጀመሪያው ምሳሌ 12,000 ብር ለሦስት ዓመት፣ በዓመት 4,000 ይመጣል። አሁንም ከአዲሱ ያንሳል። አዲሱም ቢሆን ዋጋው በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ የአሮጌው ሽፋንና የስክሪን መከላከያ ብዙ ጊዜ ለአዲሱ አይገጥሙም። ከስሌቱ መውጣት ያለበት ነገር ቢኖር ታብሌቱ መጀመሪያ የተገዛበት ዋጋ ነው። «ይሄን ያህል ብር ያፈሰስኩበት ነው» የሚለው ቁጭት የሰው ባሕርይ ነው፤ ያ ገንዘብ ግን ተጠገነም አልተጠገነም አይመለስም፣ ስለዚህም ለመጠገን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ቀሪ ዕድሜ በምን ይታወቃል? ታብሌት እንደ ስልክ ቀኑን ሙሉ በኪስ አይዞርም፤ አካሉ በወግ ከተያዘ ብዙ ይቆያል። ቀድሞ የሚያረጀው ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፓድ ኤር 2 በየዓመቱ አዳዲስ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ስሪቶችን ሲቀበል ቆይቶ በአይፓድኦኤስ 15 ላይ ቆሟል። በ2018 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ አይፓድ ደግሞ በስሪት 17 ላይ ቆሟል። በአንድሮይድ በኩል ነገሩ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ለብዙ ዓመት አፕዴት ለመስጠት ቃል የሚገባ አለ፣ ሸጦ ዞር ብሎ የማያይም አለ። አፕዴት ሲቆም ታብሌቱ በማግስቱ አይዘጋም። ችግሩ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው፤ የመተግበሪያ ሠሪዎች የሚቀበሉትን ዝቅተኛ ስሪት ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያደረጉ ይሄዳሉ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ መሣሪያዎች ላይ መሥራት አቁሟል። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ጥገና ከመታሰቡ በፊት የሞዴሉን ትክክለኛ ስም ከሴቲንግ ውስጥ ወይም ከጀርባው ላይ አንብቦ መቼ እንደወጣና አምራቹ እስከ መቼ አፕዴት እንደሚሰጠው ማጣራት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ የሶፍትዌር ዕድሜ የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን ነው፤ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ «አዲስ» ታብሌት ፕላስቲኩ ባይቀደድም ሦስት ዓመቱን በልቷል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አገራችን ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶችን አዘጋጅታ ነበር፤ ቆጠራው ግን በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። ቆጠራን ማራዘም ይቻላል፣ የታብሌትን ዕድሜ ግን አይቻልም፤ ሶፍትዌሩም ባትሪውም በመጋዘን ውስጥ ሆነው ያረጃሉ። ቀሪ ዕድሜ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት እንደሚለያይም መዘንጋት የለበትም። የባንክ ሥራ የሚሠራበት ታብሌት አፕዴት ሲቆምበት አደጋ ላይ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ተጭነውለት ያለ ኢንተርኔት የሚያነብበት ልጅ ግን በዚያው ታብሌት ለዓመታት ሊገለገል ይችላል።

ሁለተኛው መሠረታዊ ጥያቄ የተበላሸው ምንድን ነው የሚለው ነው። «ተሰበረ» የሚለው ቃል በጣም የተለያዩ ጉዳቶችን ጠቅልሎ ይይዛል። ታብሌት ፊቱ ላይ ሁለት ነገር አለው፤ ጣት የሚነካው መስታወት፣ ጠጋኞች «ታች» የሚሉት፣ እና ከሥሩ ያለው ምስል ሰጪው ኤልሲዲ። በርካሾቹ ታብሌቶችና በመደበኛዎቹ አይፓዶች እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ ምስሉ ጥሩ ከሆነ ታቹን ብቻ ቀይሮ መገላገል ይቻላል። ከአይፓድ ኤር 2 ወዲህ በወጡት የኤር ሞዴሎችና በአይፓድ ፕሮዎቹ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ ጥቂት ስንጥቅ ያለበት መስታወት ለመቀየር ደህናው ምስል ሰጪም አብሮ ይሄዳል። ዋጋው በእጥፍ ሲዘል ደንበኛው «ሊበላኝ ነው» ብሎ የሚጠረጥረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው አሠራር እንጂ የጠጋኙ ስግብግብነት አይደለም። መስታወት የተሰነጠቀበት ታብሌት ቀሪ አካሉ ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ስለሆነ ለጥገና ከሁሉ የተሻለው እጩ ነው። የቻርጅ ሶኬትም እንዲሁ፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሥራው የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅ ነው።

ባትሪ ለብቻው መታየት ይገባዋል፤ ብዙ ደህና ታብሌት በስሙ ይጣላል። የሊቲየም አዮን ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያለቀ የሚሄድ ዕቃ ነው። አፕል የአይፓድ ባትሪ ከ1,000 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ እስከ 80 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ይገልጻል፤ ከዚያ ወዲያ መድከሙ የሚጠበቅ ነው። «አርጅቷል፣ ሁለት ሰዓት አይቆይም» የሚባል ታብሌት ያረጀው ባትሪው ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ ሲቀየር የቀረው ሁሉ እንደነበረ ይመለሳል፤ ለአንድ የአገልግሎት ዓመት ከሚከፈሉት ዋጋዎች ሁሉ ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ያለ ማመንታት መነገር አለበት፤ ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ወይም ጀርባውን ከቦታው ማንሳት ከጀመረ ታብሌቱ በዚያው ቅጽበት ከቻርጅ ወጥቶ ከልጆች መራቅ አለበት። በእጅ መጫንም ሆነ በስለት መፈልቀቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወደ ባለሙያ መወሰድ ያለበት ያኔውኑ ነው።

በሌላው ጫፍ የማዘርቦርድ ጉዳት አለ። ውኃ የገባበት ታብሌት ደርቆ ቢበራ እንኳን በውስጡ ያለው ዝገት ሥራውን ይቀጥላል፤ ዛሬ በደህና የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ጎበዝ ጠጋኝ ቦርዱን አጥቦ፣ የተቃጠለውን አይሲ ነቅሎ ሌላ ሊተካ ይችላል፤ ነገር ግን ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማንም ማረጋገጫ መስጠት አይችልም። በእኛ ስሌት ይህ ማለት ቀሪው ዕድሜ የማይታወቅ ስለሆነ በዝቅተኛው ግምት መያዝ አለበት ማለት ነው። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በላይ የሆነው ታብሌት ቦርዱ ከተመታ ፋይሎቹን ለማውጣት ያህል ከሆነ እንጂ ገንዘብ ባይወጣበት ይመረጣል። በዚህ ላይ የመተካት ደጋፊዎች ትክክል ናቸው፤ ከእነሱ ጋር እስማማለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጨርሶ ያልተበላሸው መለየት አለበት። ለወራት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ታብሌት ባትሪው እስከ መጨረሻው ስለሚወርድ ቻርጅ ሲሰካ ወዲያው ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ በሚሠራ ገመድና ቻርጀር አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ብቻ የሚያስነሳው ብዙ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ የቀረ አይፓድ የሆም ቁልፍ ካለው እሱንና የላዩን ቁልፍ አንድ ላይ የአፕል ምልክት እስኪመጣ ተጭኖ ማቆየት፣ በብዙዎቹ አንድሮይዶች ደግሞ የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አብሮ ይዞ መቆየት እንደገና ያስነሣል። አልሞላ ያለው የቻርጅ ቀዳዳው በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። «በጣም ይንቀራፈፋል» የተባለውም ማከማቻው እስከ አፉ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮዎችን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ምንም አያስከፍልም።

ከውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን እጅ የሚመጡ ታብሌቶች ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው። አሜሪካ ወይም አረብ አገር ያለ ዘመድ ሲገለገልበት የነበረውን አይፓድ ለእህቱ ልጅ ይልካል፤ አካውንቱ ግን ከውስጡ አልወጣም። ልጁ አንድ ቀን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲያስጀምረው መሣሪያው የቀድሞውን ባለቤት አፕል አካውንትና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ካላገኘም አይከፈትም። ጎግልም በአንድሮይድ ላይ ተመሳሳይ መቆለፊያ አለው። ይህ ታብሌት «ተበላሸ» ተብሎ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ለፍላሽ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ለመጫን፣ ይከፈልበታል፤ አካሉ ግን ምንም አልሆነም። መፍትሔው ያለው በላኪው እጅ ነው፤ ባለበት አገር ሆኖ በአይክላውድ ድረ ገጽ መሣሪያውን ከአካውንቱ ላይ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ታብሌት የሚልክ ሰው ከመላኩ በፊት አካውንቱን ማውጣቱ ከስጦታው እኩል ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ የሚቀበለውም ሰው ለጠጋኝ ከመክፈሉ በፊት ወደ ላኪው ይደውል።

አብዛኛው ታብሌት ሊጠገን ይገባዋል ያልኩት ስለ አገራችን ሁኔታ ነው፤ ምክንያቱም የዋጋው አወቃቀር ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥገና ዋጋ ትልቁ ክፍል የሰው ጉልበት ነው፤ የቴክኒሻን አንድ ሰዓት ውድ ስለሆነ ርካሽ ታብሌት ማስጠገን ብዙ ጊዜ አያዋጣም። «ጥለህ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር በኢንተርኔት የሚደርሰን ከዚያ ዓለም ነው። እዚህ ግን ጉልበት በብር ይከፈላል፣ አዲሱ ታብሌት በዶላር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የባለሙያ እጅ ዋጋ በዚያ ፍጥነት አልጨመረም። መለዋወጫውም ከውጭ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ስክሪን ወይም ባትሪ የሚወስደው የውጭ ምንዛሪ ሙሉ ታብሌት ከሚወስደው እጅግ ያንሳል። ከዚያም በላይ እኛ ዘንድ የሞተ መሣሪያ ሁሉ አልሞተም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮና ብረት እንዴት ሁለተኛ ሕይወት እንደሚያገኝ አገር ያውቃል፤ በሞባይል ጥገና ሱቆችም ቦርዱ የተቃጠለ ታብሌት ስክሪኑን ለአንዱ፣ ሶኬቱን ለሌላው ይሰጣል። ይህ ዕውቀት ያለን ሀብት ነው፤ ታብሌቱን ከውጭ የሚያስገባ አገር ለገባው ዕቃ ዕድሜ መጨመር ከቻለ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ «የተጠገነ አይበረክትም» የሚለው ነው፤ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። ኮፒ ስክሪን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ንክኪው ይዘላል፤ ለዓመታት መጋዘን የቆየ ባትሪ «አዲስ» ተብሎ ይገጠማል። ሆኖም ይህ ስለ መለዋወጫው ጥራት የቀረበ ክስ ነው፤ በጥገና ላይ የሚያስፈርድ አይደለም። መልሱም ስምምነቱን በግልጽ ማድረግ ነው። የሚገጠመው ኦሪጅናል ነው፣ ከሌላ መሣሪያ የተነቀለ ነው ወይስ ኮፒ? ዋስትናው የስንት ወር ነው? የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል? እነዚህን በደረሰኝ ላይ የሚጽፍ ሱቅ ጥቂት መቶ ብር ቢያስወድድ ያዋጣል፤ ሥራው ስድስት ወር ከቆየ ችግሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የማይጽፍ ሱቅ ዋጋ ቢረክስም ቀሪ ዕድሜውን ዝቅ አድርጎ ማስላት ተገቢ ነው። ከሌላ መሣሪያ የተነቀለ ኦሪጅናል ስክሪን ከአዲስ ኮፒ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ መሆኑንም ደንበኛው ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ያገለገለ ስለሆነ ብቻ መናቅ የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግል ምስጢር ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም ከባድ አድርጌ የማየው ይህንን ነው። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀላል ጥገና የሚያስፈልጋቸው ላፕቶፖችን በድብቅ ወደ ጥገና ሱቆች ልከው በኋላ የተደረገውን ሲመረምሩ፣ በስድስት ሱቆች የደንበኛው የግል ፋይሎች ተከፍተው ታይተዋል፤ ከእነዚህም በሁለቱ ፋይሎች ወደ ሌላ ማከማቻ ተቀድተዋል። ይህ የሆነው ሕግና ቁጥጥር በተሻለበት አገር ነው፤ እኛ ጋ አይሆንም ብሎ መዘናጋት አይቻልም፤ በተለይ ሴቶች ፎቶዎቻቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢወጡ የሚደርስባቸውን ጉዳት ለሚያውቅ። ነገር ግን ይህ ስጋት ጥንቃቄ ይጠይቃል እንጂ ጥገናን አይከለክልም። ታብሌቱ የሚበራ ከሆነ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ቀድቶ፣ አካውንቶቹን አውጥቶ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መስጠት ይቻላል። ስክሪን ወይም ባትሪ ለመቀየር የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ያረጋግጣል። ጨርሶ የማይበራና ምስጢራዊ ነገር የያዘ ከሆነ ደግሞ ሲሠራ ቆሞ ማየት ወይም በሚታመን ሰው በኩል መላክ ይሻላል። ታብሌቱን ጥሎ አዲስ መግዛትም ከዚህ ስጋት አያድንም፤ ሳይጠፋ የተጣለ መሣሪያ ማከማቻው ከነፎቶው ቆራሌው ዘንድ ይደርሳል።

«በጥገናው ዋጋ አዲስ ርካሽ ታብሌት ይገኛል» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ በስሌት ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። 8,000 ብር የሚያወጣ ታብሌት ሁለት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ዋጋ 4,000 ነው፤ ከተጠገነው ብዙም አይርቅም። ችግሩ ሁለት ዓመት የሚለው ግምት ላይ ነው። ስም በሌላቸው ታብሌቶች ገበያ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ሜሞሪና ማከማቻ ውስጥ ካለው ጋር የማይገናኝበት፣ የአንድሮይዱ ስሪት ቁጥር ሳይቀር ተቀይሮ የሚታይበት ጊዜ አለ። አፕዴት የለውም፤ ሲሰበርም ስክሪኑ የትም ስለማይገኝ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ገዢው ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ፕሌይ ስቶርን ከፍቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለው ጋ ገብቶ መሣሪያው በፕሌይ ፕሮቴክት የተመሰከረለት መሆኑን ማየት ይችላል፤ ካልተመሰከረለት የሁለት ዓመቱን ግምት ወደ አንድ ቢያወርደው ይሻላል። ደህና ስም ያለው የአምስት ዓመት ታብሌት ባትሪው ታድሶ ከዚህ ዓይነቱ አዲስ ዕቃ በስክሪኑም በፍጥነቱም የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከቤተሰብ በጀት አልፎ የሚሄድ ጉዳይም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሥልጠናና የምርምር ተቋም ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። በአፍሪካ ይህ ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ይህ ማለት እኛ ዘንድ ታብሌት ሲጣል ሊቲየሙና ኮባልቱ ተመልሶ ሥራ ላይ የመዋል ዕድሉ ከሞላ ጎደል የለም ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ አውጥታለች፤ ነገር ግን ከቤት ወጥቶ የሚጣለውን የሚሰበስብ ሥርዓት በየሰፈሩ እስካልተዘረጋ ድረስ ትልቁ የቆሻሻ ቅነሳ የሚከናወነው በጥገና ሱቆች ነው። ታብሌት በዕድሜው ሙሉ በአካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጫና ደግሞ አብላጫው የሚመጣው ሲመረት ስለሆነ አንድ መሣሪያ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ባገለገለ ቁጥር ያልተመረተው ታብሌት ጥቅም እውነተኛ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህንን በሕግ ይዞታል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገቡ አዳዲስ የስልክና የታብሌት ሞዴሎች መሸጥ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ዓመት መለዋወጫቸው እንዲገኝ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሶፍትዌር አፕዴት እንዲሰጣቸው፣ ባትሪያቸውም ከ800 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ይጠበቃል፤ ሻጩ ለመጠገን ምን ያህል ምቹ እንደሆኑ የሚያሳይ ደረጃ በመለያው ላይ ያስቀምጣል። እኛ አምራቾችን ለማስገደድ የሚያስችል የገበያ መጠን የለንም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ትልቅ ገዢዎች አሉን። ብዙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃ የሚመዘግቡት በታብሌት ነው፤ ትምህርት ቤቶች፣ ባንኮችና የእርዳታ ድርጅቶች በሺዎች ይገዛሉ። በአንድ ወረዳ አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስክሪኗ ሲሰበር መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚገጥመው፣ ወጪውስ ከየትኛው በጀት እንደሚሸፈን ያልተጻፈ ከሆነ ታብሌቱ ካቢኔ ውስጥ ይገባል፣ እሷም ወደ ወረቀት ትመለሳለች።

ስለዚህ የዓመት ዋጋ ስሌት በመጀመሪያ መግባት ያለበት ወደ ጨረታ ሰነዶች ነው። ዛሬ ተወዳዳሪዎች የሚነጻጸሩት በአንድ ታብሌት ዋጋ ከሆነ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ዕድሜው ያጠረው ነው። ሰነዱ ሞዴሉ የወጣበትን ዓመት፣ አፕዴት የሚቆምበትን ቀን፣ ታችና ኤልሲዲው ተለያይተው የሚቀየሩ መሆናቸውን ቢጠይቅና ነጥብ ቢሰጥባቸው ውድድሩ ይለወጣል። አንድ ሺህ ታብሌት የሚገዛ መሥሪያ ቤት አብሮ መቶ ስክሪን ማዘዝ ይችላል። ባትሪ ተቀምጦም ስለሚያረጅ በአንድ ጊዜ ከሚከማች በየሁለት ዓመቱ ትኩስ ምርት እንዲቀርብ በውሉ ላይ ቢሰፍር ይሻላል። የጥገናው ሥራም በዞን ከተሞች ላሉ ወጣት ጠጋኞች ሥልጠና ተሰጥቶ በኮንትራት ቢያዝ ታብሌቱ ለጥገና አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ወራት አይቀመጥም። ይህ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ገንዘቡ ገና በገዢው እጅ እያለ ነው፤ ክፍያው ካለቀ በኋላ መለዋወጫ እንዲያመጣ የሚለመን አቅራቢ የሚያስገድደው ነገር የለም።